ስለ አይተን ለጠየቅከው፦ የ47 ቁጥር ጫማ ነገር

ሰላም ወንድሜ። ይሄን የምጽፍልህ በፈረንጆች 2025 ክረምት ላይ ነው፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው። ጥያቄህን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። «ሌከርስ ዲአንድሬ አይተንን ወሰደ። ፖርትላንድ ገንዘብ ከፍሎ ለምን ሸኘው? ገበያው ነጻ ከሆነ ሌከርስ ለምን የተሻለ ሴንተር አላመጣም? ሰውዬውስ ያዋጣል ወይ?» ነው ያልከው። ለማያውቅ ሰው፦ ሌከርስና ፖርትላንድ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ክለቦች ናቸው፤ ሴንተር ቀለበቱ ስር የሚሠራው ረጅሙ ተጫዋች ነው፣ አይተንም አንዱ ነው። ከስር ግማሹ «ዋንጫው እጃችን ገባ» አለ፣ ግማሹ «ሰነፍ ነው፣ ተዉት» አለ። እኔ የሌከርስ ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን በጉርምስናዬ አራት ኪሎ ላይ ፖይንት ጋርድ (ኳስ እያነጠረ የሚያቀብለው) ነበርኩ፤ ከረጃጅም ሰዎች ጋር የቆየ ሂሳብ አለኝ። እሱንም ጨምሬ ልመልስልህ።

መጀመሪያ «ነጻ» የምትለዋ ቃል ታሳስታለች። ያደግነው በእግር ኳስ ዝውውር ነው። እዚያ ክለብ ለክለብ ይከፍላል። ኤንቢኤ ውስጥ እንዲህ ያለ የዝውውር ሂሳብ የለም። ወይ ተጫዋች በተጫዋች ይለወጣል፣ ወይ ውሉ ያለቀው ሰው የፈለገበት ይሄዳል። የሚያስረው ደሞዝ ነው። ለ2025-26 የውድድር ዓመት የደሞዝ ጣሪያው 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኮከቦቹ ሌብሮን ጄምስና ሉካ ዶንቺች ብቻቸውን ከ98 ሚሊዮን በላይ ይወስዳሉ። ሌላውን ሰው ሁሉ ስትጨምርበት ጣሪያው ያልፋል። ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ደግሞ እንደ ልቡ አያስፈርምም። በሕጉ የምትፈቀድለት ዋና ቀዳዳ አለች፤ ለዚሁ ዓመት 14.1 ሚሊዮን ናት። ሌከርስ ከእሷ 6 ሚሊዮኑን ለሌላው አዲስ ተጫዋች ለጄክ ላራቪያ ሰጠ። የተረፈው ስምንት ሚሊዮን ምናምን ነው። አይተን የመጣው በዚያ ትራፊ ነው።

በስምንት ሚሊዮን ማንን ታመጣለህ? የኢንዲያናውን ሴንተር ማይልስ ተርነርን? ሚልዋኪ እሱን ለማስገባት ኮከቡን ዴሚየን ሊላርድን አሰናበተ። የቀረውን ወደ 113 ሚሊዮን የሚጠጋ ደሞዙን በአምስት ዓመት ከፋፍሎ ይቆጥርበታል። አንድ ሴንተር ለማስገባት ይሄን ሁሉ እዳ! እኔ ብሆን አልነካውም።

የፖርትላንድ ነገር ቀላል ነው። አይተን የአንድ ዓመት ውል ቀርቶት ነበር፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። እነሱ ግን በ2024 ዶኖቫን ክሊንጋንን በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት) ወስደዋል፣ በ2025 ቻይናዊውን ያንግ ሃንሰንን ጨመሩ። ሁለቱም ሴንተር ናቸው። ልጆቹ እንዲያድጉ ትልቁ ወንበሩን መልቀቅ አለበት። ተደራደሩ። እሱ ከደሞዙ የተወሰነውን ተወላቸው፣ እነሱ የቀረውን ከፍለው ለቀቁት። ባይአውት የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ሌላ ክለብ ውሉን ካላነሳው ነጻ ነው። ማንም አላነሳውም። በዚያ ደሞዝ ማን ያነሳል?

አንዱ ደግሞ «ዜናው ከወጣ ቆየ፣ የፊርማው ፎቶ ለምን ዘገየ?» ብሎ ነበር። ገበያው የተከፈተው ሰኔ 24፣ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ስልኬ ትራስ ስር ሲንጫጫ ባለቤቴ «ማን ታመመ?» ብላ ብድግ አለች። እስከ ሰኔ 29 ድረስ ግን አብዛኛው ስምምነት ቃል ብቻ ነው፣ ፊርማ የለም። በ2015 ዲአንድሬ ጆርዳን ለዳላስ ቃል ሰጥቶ ሐሳቡን ቀየረ። የነበረበት ክለብ የክሊፐርስ ሰዎች ሂዩስተን ቤቱ ድረስ ሄደው አብረውት አመሹ። ብሌክ ግሪፊን በር የተደገፈ ወንበር ፎቶ ለጠፈ፣ ማንም አይገባም ለማለት። ሰውዬው ክሊፐርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዲአንድሬ የሚባል ሰው እስኪፈርም ድረስ አላምንም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ያዋጣል ወይ ወደሚለው።

2003 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሰፈር ውድድር ነበረን። ፒያሳም፣ ካዛንቺስም፣ ስድስት ኪሎም ቡድን ነበራቸው። ዝናብ ሲያባራ ውሃውን በመጥረጊያ እየገፋን ነው የምንጫወተው። እኛ ቁመት አልነበረንም። ረጅሙ ልጃችን አንድ ሜትር ከሰማንያ ቢሆን ነው። ስለዚህ አስፈረምን! ሳሪስ የሚኖር፣ ሁለት ሜትር ያለፈ ልጅ አገኘን። ውሉ የታክሲ፣ ከጨዋታ በኋላ ምሳ፣ እና ጫማ። ያስቸገረን ጫማው ነው። 47 ቁጥር። መርካቶ ሰልባጅ ስናገላብጥ ዋልን። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል አንዱ ነጋዴ ከጆንያ ስር ነጭ ጫማ ጎትቶ አወጣ። የግራው ሶል በማስቲሽ ተለጥፏል። ልጁ አጥልቆት ሁለቴ ዘለለና «ይሆናል» አለ። ሻምፒዮን የሆንን ነው የመሰለን።

መሰላል እንለው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፍን። ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ሲያወርድ ከሰው በላይ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ግን ልጁ ደረቀ። እኛ እንሮጣለን፣ እሱ መሃል ሜዳ ላይ ይራመዳል። ስክሪን እንዲሠራልኝ (ተከላካዬን ቆሞ በአካሉ እንዲያግድልኝ) ስጠራው መጥቶ ይቆማል፤ ተከላካዬ ትከሻውን እንኳን ሳይነካ በጎኑ ሹልክ ይላል። ተሸነፍን። የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ሰነፍ» አለው። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ከስንት ዓመት በኋላ ስታዲየም ዙሪያ ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ራሱ አነሳው። «ሰባት ጊዜ ስክሪን ሠርቼ ወደ ቀለበቱ ሮጥኩ። ሰባቱንም ጊዜ አንተው ወረወርክ። ስምንተኛውን ለምን ልሩጥ?» አለኝ። ቡናዬን አማሰልኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

ልጁ ልክ ነበር አልልም። ተጫዋች ኳስ ባይደርሰውም መሮጥ አለበት። ግን ሴንተር እንደ እኛ ኳስ እያነጠረ አይመጣም፤ ሰው ካላቀበለው ባዶ እጁን ነው። ሦስት አራቴ ባዶውን ሲመለስ እግሩ ይከብዳል። ስለዚህ ስለ አንድ ረጅም ሰው ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው የሚያቀብለውን ሰው ነው።

አይተንን እንዲህ እየው። በ2021 ፊኒክስን ለፍጻሜ ሲያደርስ ኳስ የሚሰጠው ክሪስ ፖል ነበር። ክሊፐርስ ላይ ያገባትን ታስታውሳታለህ? 0.9 ሰከንድ ቀርቶ ጄይ ክራውደር ከውጭ ወደ ቀለበቱ ላካት፣ አይተን አየር ላይ ተቀብሎ ከተታት፣ 104 ለ103። ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝላዩ ነው። እስቲ ደግመህ ስታይ ዴቪን ቡከርን ተመልከት። የክሊፐርሱን ሴንተር ዙባትስን በአካሉ ያገደው እሱ ነው። ኮከቡ ለሴንተሩ ስክሪን ሠራ! ያኔ ማን ነበር ሰነፍ ያለው?

በ2022 ኢንዲያና 133 ሚሊዮን አቀረበለት፣ ፊኒክስ አቻውን ከፍሎ አስቀረው። በቀጣዩ ዓመት ግን ወደ ፖርትላንድ ላኩት። እዚያ ኳስ የሚይዙት ገና የሚማሩ ልጆች ነበሩ። በ2024-25 የውድድር ዓመት 40 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በአማካይ 14.4 ነጥብና 10.2 ሪባውንድ ነበረው። መጥፎ ቁጥር አይደለም። ግን እየተሸነፈ ያለ ቡድን ውስጥ ቁጥር የሚያይልህ የለም።

አሁን የሚያቀብለው ሉካ ነው። በነገራችን ላይ በ2018 ድራፍት አይተን አንደኛ፣ ሉካ ሦስተኛ ነበሩ። ሉካ ዳላስ እያለ ደሬክ ላይቭሊና ዳንኤል ጋፎርድ የሚባሉ ሁለት ሴንተሮች ነበሩት። አንዱ ገና ጀማሪ፣ ሌላው ከዋሽንግተን የመጣ። ከቀለበት በላይ እየወረወረላቸው በ2024 ፍጻሜ ደረሱ። ሁለቱም ከአይተን የበለጠ ተሰጥኦ አላቸው ብዬ አላስብም።

ሌከርስ ሴንተር ምን ያህል እንደቸገረው ደግሞ ሚያዝያ 23 አይተናል። የላብ አደሮች ቀን ነው፣ ሥራ የለም ብለን አምስት ኪሎ ጓደኛዬ ቤት አደርን። ሊነጋጋ ሲል ጨዋታው ተጀመረ። ሚኒሶታ ከሩቅ 47 ሦስት ነጥብ ሞክሮ ያገባው 7 ብቻ ነው። እንዲህ የሳተ ቡድን እንዴት ያሸንፋል? ሴንተራቸው ሩዲ ጎቤር 27 ነጥብና 24 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። የሳቱትን እያነሳ መልሶ ያስገባል። ከእኛ ወገን የሚገፋው ሰው አልነበረም። 103 ለ96፣ ከጥሎ ማለፉ ወጥተን ወደ ቤት። ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ ሪሞቱን ይዞ ተቀመጠ። ይሄ እንዳይመጣ ነበር የካቲት መግቢያ አካባቢ ሴንተሩን ማርክ ዊሊያምስን ለማምጣት የተስማሙት። በጤና ምርመራ አላለፈም ብለው መለሱት።

«ሰነፍ» ባዮቹም ግን ባዶ አይደሉም። አይተን ሰው መጋጨት አይወድም። ሁለት ሜትር ከአስራ ሦስት ሆኖ መሃል ላይ ቆሞ ለስላሳ ኳስ መወርወር ይመርጣል። ለዚህ ነው ቅጣት ምት መስመር ላይ ብዙ የማታየው። ጉዳትም አለበት። ሴንተሩ ሃርተንስታይን ኦክላሆማ ላይ የሠራውን ይሠራል ብዬ አልምልልህም። ያ ሰው በሦስት ዓመት 87 ሚሊዮን ተከፍሎት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላ። አብዛኛው ሥራው ደግሞ ስክሪንና ግፊያ ነው።

እኔን የሚያረጋጋኝ ዋጋው ነው። የሌከርስ ሰው ሴንተሩን ቲሞፌ ሞዝጎቭን አይረሳም። በ2016 ጣሪያው ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ሲዘል፣ ገበያው በተከፈተ ሌሊት በአራት ዓመት 64 ሚሊዮን ሰጡት። በዓመቱ እሱን ለማራገፍ ወጣቱን ዲአንጄሎ ራሰልን መርቀው ሰጡ። በምትኩ ሴንተሩ ብሩክ ሎፔዝ መጣ። እሱንም በ2018 ለቀቁት። ሚልዋኪ በ3.4 ሚሊዮን አካባቢ ወሰደው፣ በ2021 ሻምፒዮን ሆነ። ይሄን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ያመኛል። በስምንት ሚሊዮን የመጣ ሰው ቢከሽፍ ግን ማንንም መርቀህ አትሰጥም።

ስለዚህ ለእኔ ያዋጣል። ዋንጫ ያመጣል ወይ ካልከኝ ሌላ ጥያቄ ነው።

«ሰነፍ ነው» ብለህ የጻፍከው ልጅ፣ ከአንተ ጋር እንወራረድ። ጥቅምት ላይ ሊጉ ሲጀመር የሌከርስ የሜዳ ጨዋታ በእኛ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ከሥራ በፊት ይታያል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች አይተን ስክሪን ከሠራ በኋላ ስንቴ ወደ ቀለበቱ እንደሚሮጥ፣ ስንቴ እንደሚራመድ አንተ ቁጠር። መራመዱ ከበዛ ፒያሳ ፉል በእኔ ሂሳብ። ሉካ ስንቴ እንዳቀበለው ግን እኔ ነኝ የምጽፈው።