ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «በማተሚያ የሚሠራው ኪኒን እስኪመጣ መድኃኒቱን ላቁምለት?»

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመቱ ልጄ የሚጥል በሽታ ስላለበት ሌቬቲራሲታም የተባለውን ባለ500 ሚሊግራም ኪኒን ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሹን እሰጠው ነበር። በቢላዋ ስቆርጠው ይፈረፈራል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ለእያንዳንዱ ልጅ ተለክቶ በስሪ ዲ ማተሚያ የሚሠራ መድኃኒት እንዳለ ነገረችኝ። ልኩን ስቼ ጎድቼው እንዳይሆን ፈርቼ ካቆምኩበት አራት ቀን ሆነው። ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎን አልጎዱትም። ይህ መድኃኒት በጥቂት ፍርፋሪ ምክንያት የሚመርዝ አይደለም፤ ፍርፋሪው ካሳሰበዎ ግን በሽሮፕ መልክ የሚዘጋጅም ስላለ ሐኪሙን ይጠይቁ።

የእህትዎ ወሬ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው የመጀመሪያው የታተመ ኪኒን ያው ሌቬቲራሲታም ነው። ዱቄቱ በስሱ ይነጠፋል፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል፣ በላዩ ሌላ ዱቄት ይነጠፋል፤ እንዲህ ተደራርቦ የሚሠራው ኪኒን ውስጡ ክፍተት የበዛበት ስለሆነ በአንድ ጉንጭ ውኃ አፍ ውስጥ በሰከንዶች ይሟሟል። መዋጥ ለሚቸግረው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን በፋብሪካ በ250፣ በ500፣ በ750 እና በ1000 ሚሊግራም ተወስኖ የሚወጣ እንጂ ለአንድ ልጅ የሚለካ አይደለም። በልክ መሥራቱ በስፔን፣ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ሆስፒታል ተሞክሯል፤ ሰውነታቸው አንዳንድ የፕሮቲን ንጥረ ነገሮችን መሰባበር ለማይችል፣ ስለዚህም ምግባቸው በጥንቃቄ ለሚመጠን ሕፃናት፣ አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የደም ምርመራቸው እየታየ በልካቸው፣ ቀለምና ጣዕም ያለው የሚታኘክ ኪኒን ሆኖ ታትሞላቸዋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን አራቱ ቀን ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ፣ ለወራት ጠፍቶ የነበረው መንዘፍዘፍ ከበፊቱ በርትቶ፣ አንዳንዴም ሳያቋርጥ ሊመለስ ይችላል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ይህን መወሰንዎ ፈጽሞ ተገቢ አልነበረም። ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሐኪሙን አግኝተው ያስጀምሩት፤ ያለፈውን ለማካካስ ብለው እጥፍ አይስጡት።

እስከዚያው ከጣለው በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይመልከቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አያደርግለትም፤ ይህን ለስንት ቤተሰብ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፣ ዛሬም አፍንጫቸው ሥር የተቃጠሉ ሕፃናት ይመጡልኛል። ጎረቤት ክብሪት ይዞ ቢሮጥ ይከልክሉ፤ በጥርሱ መሐልም ማንኪያ አያስገቡ። መንዘፍዘፉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።