ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉ ጭብጣቸው አንድ ነው፤ ካህን አነሰ፣ ሥራ በዛ። ተራ በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊ የካቶሊክ ምእመን ናቸው። ካህናቸው እሑድ እሑድ ሦስት ቦታ ይቀድሳሉ። «አራተኛ ይጨምሩልን ብንላቸው ይከፋቸው ይሆን?»

መከፋቱ ይቅርና ሕጉም አይፈቅድም። በቀኖናችሁ (በላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ) ቁጥር 905 መሠረት ደንቡ በቀን አንድ ቅዳሴ ነው። ካህናት ካነሱ ጳጳሱ ሁለት ሊፈቅዱ ይችላሉ። ሦስት የሚሆነው በእሑድና በግዴታ በዓላት ነው፣ ያውም ሲያስገድድ። ካህን በማይደርስበት ቦታ ዲያቆን ወይም የተፈቀደለት ምእመን የሚመራው የእሑድ ጸሎት አለ። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1988 መመሪያ አውጥታለታለች።

ሌላ ጥያቄ፦ «ቄስ ደግሞ እረፍት ይወጣል እንዴ?»

ይወጣል። በዚያው የሕግ መጽሐፍ ቁጥር 533 የሰበካ ካህን በዓመት እስከ አንድ ወር ይፈቀድለታል፤ የሱባኤው ቀን ሳይቆጠር።

የአስተዳደር ኮሚቴ አባል ናቸው፣ ደብዳቤያቸው ረጅም ነው። ባጭሩ፦ ካህናችን ሊደርሱልን አልቻሉም፣ ሁለተኛ ካህን ብንጠይቅ የለም ተባልን።

እግረ መንገድዎን የጻፉትን ልድገምልዎ። በሩን የሚከፍቱት ካህኑ ናቸው። ቼክ የሚፈርሙት፣ የጣሪያ ጥገና የሚከታተሉት፣ ማይክ ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸው። የአዳራሹ ቁልፍ ሳይቀር ኪሳቸው ውስጥ ነው። ታዲያ የጎደላችሁ ካህን ነው ወይስ ቁልፍ ያዥ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ እንዲህ ከሆነ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የአሥር አለቆች አሾመው (ዘፀአት 18)። በሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ የመበለቶቹ ማዕድ ቅሬታ ሲያስነሳ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ ሐዋርያት ጸሎቱንና ቃሉን ያዙ። ልብ ይበሉ፣ የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ ኃላፊነቱም ተሰጥቷቸዋል።

ብዙ ኮሚቴ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ለምእመን ይሰጥና ውሳኔውን ካህኑ ጋ ያስቀራል። ወንበር ለመከራየት እንኳ «አባን እናስፈቅድ» ይባላል። ይሄ ማገዝ አይደለም፣ ካህኑን ስልክ ላይ ጥዶ ማዋል ነው።

እስቲ ካህኑ የሚሠሩትን ሁሉ ለአንድ ወር በደብተር ያስይዙ። ቅዳሴን፣ ንስሐን፣ ክህነት የሚጠይቀውን ሁሉ ለእሳቸው ይተዉ። ሌላውን ለሰው ያከፋፍሉ፤ ማን እንደሚወስን፣ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል በጽሑፍ ይሁን። የታመመ መጠየቅም የካህን ብቻ ሥራ አይደለም። ምእመን ቀድሞ ከሄደ፣ ካህኑ ቁርባን ወይም ንስሐ ወደሚፈልገው ቤት ይደርሳሉ። የሂሳቡን ነገር ኦዲተር ይጠይቁ።

የካህን ባለቤት ናቸው። ባላቸው እንቅልፍ አጥተዋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፤ ሰሞኑን «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ጀምረዋል። «እጸልያለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጸሎቱን አያቋርጡ፤ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ሥራ ሲበዛ መዛል ያለ ነው፤ ሞትን መመኘት ግን ከዚያ ያለፈ ነው። የአእምሮ ሐኪም ይያቸው። «ቄስ እዚያ ሲሄድ ምን ይባላል» የሚል ካለ የፈለገውን ይበል። ለበላይ አባት ይንገሩ፣ የሰሞኑን አገልግሎት ሌላ ይሸፍን። ብቻቸውን አይተዉዋቸው። ራሴን አጠፋለሁ ካሉ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ወጣት ሰባኪ፦ «ሁለት ቦታ አንድ ስብከት መድገም ነውር ነው?»

የለበትም። የቦታውን ስም መቀየር ብቻ እንዳትረሳ።