ትንሹን ልጄን ከውርስ ልንቀል?

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት አባት ነኝ፤ ባሕር ዳር እኖራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ነግደን ሽምብጥ ሰፈር የሚከራይ ፎቅ ቤትና ሌላም ንብረት አፍርተናል። ከሦስቱ ልጆቼ ትንሹ ገንዘብ እጁ ላይ አይበረክትም። ብዙ ሀብት ይበልጥ ያበላሸዋል ብዬ ስለሰጋሁ፣ እሱን ነቅዬ ድርሻውን በተወለድኩበት ዘጌ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ልስጥ? ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የእርስዎ የሆነውን እንለይ። በትዳር ያፈሩት የጋራ ነው፤ መናዘዝ የሚችሉት በግማሹ ላይ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ስለዚህ ባለቤትዎ በቤቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እንዲኖሩና ኪራዩን እንዲበሉ ከፈለጉ ይጻፉት። በስተርጅና ከልጆቻቸው ጋር ችሎት የቆሙ እናቶችን አይቻለሁና ይህን አደራ እላለሁ።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። መንቀል ይቻላል፤ ቁጥር 938 ግን ምክንያቱ በኑዛዜው እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑንም ፍርድ ቤት ይመዝናል። «ያባክናል» የሚለው ሥጋት በችሎት ይጸናል ብዬ አልመክርዎትም። እንደ ሰውም ልቤ አይቀበለውም፤ አባቱ በጽሑፍ የገፋው ልጅ ቂሙን የሚወጣው በወንድምና በእህቱ ላይ ነው።

ለቤተ መጻሕፍቱ ማንንም መንቀል አያስፈልግም፤ የተወሰነ ገንዘብ በኑዛዜ መስጠት ይችላሉ። ብቻ ለልጆቹ የሚቀረው እጅግ ካነሰ «በዘወርዋራ ነቀለን» ብለው ይከራከራሉ። በሕይወት እያሉ ቢያሠሩት ደስታውንም ያዩታል።

ሀብት ልጅን የሚያበላሸው ሳይለምደው በአንድ ጀምበር ሲረከበው ይመስለኛል። ትንሹ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ኪራዩን ይሰብስብ፣ ግብሩን ይክፈል፣ ሒሳቡን በየወሩ ለእርስዎ ያቅርብ።

ኑዛዜውን በግልጽ የሚደረግ ካደረጉት፣ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይስፈሩ፤ እርስዎም ምስክሮቹም እዚያው ፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል በመቅረቷ ብቻ የፈረሰ ኑዛዜ ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባለቤትዎ ባሉበት ሦስቱንም ልጆች ሰብስበው ሐሳብዎን ይንገሯቸው፤ የትንሹንም መልስ ይስሙ።