ስልኩን ለአባትህ ስጣቸው

«አባቴ የደርግ ወታደር ነበሩ፤ ደሴ ግንቦት 1983 ስትያዝ የት እንደነበሩ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ፤ ፎቶ ላንሳቸው ስል ፊታቸውን ያዞራሉ» ላልከው፦ አንተ አታንሳቸው፤ ስልኩን ስጣቸውና እሳቸው ያንሱ። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራም ይሁን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት፣ ቦታውን እሳቸው ይምረጡ፤ አንተ ተከተል።

ማታ ቡና ሲፈላ ያነሱትን ከእናትህ ጋር ሆናችሁ እዩ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አትበል። «ይቺን ዛፍ ለምን አነሷት?» በል።

የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጠህ እየው፤ ቀኑ ወይም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አልበሙ ላይ ከተጣበቀ ግን አትላጠው፤ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሳው።

በፎቶው ላይ ከጎናቸው የቆመው ጓደኛቸው ሞቶ፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየጠበቀው ሊሆን ይችላል። አባትህ ሳይፈቅዱልህ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፈው። ልጃቸው እንዲህ ስላደረገ ጀምረውት የነበረውን ወሬ ጨርሶ የተዉ አባት አውቃለሁ።