ጅማ ዳር ለመቃብር የሚሆን መሬት ስትፈልጉ

ጥያቄው፣ እድራችሁ ከጅማ ወጣ ብሎ ከገበሬ መሬት ገዝቶ መቃብር ማድረግ ይችላል ወይ፣ ከውኃስ ስንት ሜትር ይራቅ የሚል ነው።

ግዢውን እርሱት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሽማግሌ ፊት ውል ብትፈራረሙም ከተማው ሰፍቶ ሲደርስ ባለይዞታ ሆኖ የሚመዘገበው ገበሬው ነው። አንሱ ብትባሉ ደግሞ ድንጋይ መንቀሉ፣ ሌላ ቦታ ማዘጋጀቱ፣ አጽም ማዛወሩና ሥርዓቱ ሁሉ ወጪ አለው፤ የቀድሞው የካሳ ደንብ ቁጥር 135/1999 ይህን አንድ በአንድ ዘርዝሮት ነበር።

ከሜትሩ በፊት የከተማውን ፕላን ጠይቁ። የከተማ ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው በአዋጅ 574/2000 መሠረት የሚዘጋጀው መዋቅራዊ ፕላን ነው። የእድሩን ቃለ ጉባኤና የቦታውን የአራት ማዕዘን ኮኦርዲኔት (የካርታ መገኛ ቁጥር) ይዛችሁ ከተማ አስተዳደሩን በደብዳቤ ጠይቁ። ፕላኑ ላይ መኖሪያ ተብሎ ከተቀባ እዚያው አቁሙ። ከተፈቀደ ጥያቄው ወደ መሬት አስተዳደር ይሄዳል። የሊዝ አዋጅ 721/2004 ለአምልኮ ቦታ ምደባን ስለሚፈቅድ፣ በእኔ ግምት ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ጋር አብራችሁ ብትጠይቁ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ውኃው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ የሚጠጣ ውኃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ወይም ምንጭ 250 ሜትር፣ ከሌላ ወንዝና ምንጭ 30 ሜትር፣ ከእርሻ ቦይ 10 ሜትር ይላል። ከመቃብሩ ወለል እስከ ከፍተኛው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ይተዋል። የእኛ ሕግ አይደለም፤ ግን የጤና ባለሙያ ሲጠይቃችሁ የምትይዙት ጥሩ ልክ ነው። ጅማ ላይ የሚያስቸግረው 250ው ነው፤ ዳር ዳሩን በየግቢው የእጅ ጉድጓድ ስላለ ዙሪያውን በእግር ዞራችሁ ቁጠሩ፣ በተለይ ከቦታው ቁልቁል ያሉትን።

የውኃውን ልክ በጥር አትዩ፤ ያታልላችኋል። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ በሦስት አራት ቦታ 3 ሜትር ቆፍሩ (1.8 ሜትር መቃብር፣ 1 ሜትር ክፍተት፣ ትንሽ ትርፍ)። ክፍቱን አሳድራችሁ ጠዋት ውኃው የት እንደቆመ በገመድ ለኩ። ዝናብ ላይ ግድግዳው ስለሚናድ ማንም ብቻውን አይግባ፤ በእጅ መሰርሰሪያ ቢሆን ይሻላል። በበጋ ከቆፈራችሁም አፈሩ ይናገራል፦ ግራጫ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለበት ክረምት ላይ ውኃ እዚያ ድረስ ይወጣል። በአዌቱ ወንዝ ዳርና በቦዬ ረግረግ አካባቢ መድከም አያስፈልግም። ዋልካም (ጥቁር የሸክላ አፈር) አይመከርም፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሐውልቱ ያዘነብላል። ቀይ አፈር ያለበት ለስላሳ ተዳፋት ይሻላል፣ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮለት።

ስፋቱ፦ 2 በ0.8 ሜትር ጉድጓድ፣ በየጎኑ ክፍተት ሲጨመር 2.6 በ1.4፣ ማለትም 3.6 ካሬ ገደማ ነው። መንገድ፣ ዛፍና አጥር ሲገባ 5 ካሬ ብላችሁ ያዙ፤ አንድ ሄክታር 2,000 ገደማ መቃብር ይሆናል። ይህ ሂሳብ የሚፈርሰው በሐውልት ነው። በብረት ታጥሮ እብነ በረድ የለበሰ አንድ መቃብር የሦስት ሰው ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሐውልት ከጉድጓዱ ልክ እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀብር በፊት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉ፤ አንዱ ካጠረ ቀጣዩን ቤተሰብ መከልከል አይቻልም።