ለወንድምሽ ሄልሜት ከመግዛትሽ በፊት ጭንቅላቱን ለኪ

አንዲት የጅማ እህት እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ታናሽ ወንድሜ የግብርና ባለሙያ ነው። በሞተር በአጋሮ መስመር ገጠር ለገጠር ይዞራል። ለእንቁጣጣሽ ሳያውቅ ሄልሜት ልገዛለት አስቤ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ‹ኤክስ ኤል ውሰጂ፣ ሰፋ ቢል ይሻላል፣ ከጠበበው ግን አያደርገውም› አለኝ። ልጁ ደግሞ አፍሮ ነው። ሳልጠይቀው ልኩን እንዴት ልወቅ?»

እህቴ፣ የሻጩ ምክር ለሹራብ ይሆናል፤ ለሄልሜት ግን አይሆንም። ሰፊ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ጭንቅላት ላይ ይዞራል፣ ሲብስም ወልቆ ይሄዳል። ከዚያ በፊትም በጉዞ ላይ ነፋስ እያነሳው ዓይን ላይ ይወርዳል። አዲስ ሄልሜት መጀመሪያ ሲደረግ ጠበቅ ማለት አለበት። የጉንጩ ስፖንጅ እየዋለ እያደረ ይላላል። ስለዚህ ዛሬ «ኧረ ምቹ ነው» የተባለለት ከጥቂት ወራት በኋላ መወዛወዙ አይቀርም።

ልኩን በልብስ ሰፊ ሜትር ውሰጂ። ሜትሩ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ በጣም በወጣበት ቦታ ይዙር። ደጋግመሽ ለኪና ትልቁን ቁጥር ያዢ። ብዙ ፋብሪካዎች 55–56 ሴንቲ ሜትሩን ኤስ፣ 57–58ቱን ኤም፣ 59–60ውን ኤል፣ 61–62ቱን ኤክስ ኤል ይሉታል። ግን ሁሉም አንድ አይደሉም፤ የአንዱ ኤል የሌላው ኤም ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ተዪና ካርቶኑ ወይም የውስጥ ጨርቁ ላይ የተጻፈውን ሴንቲ ሜትር እዪ።

ሳያውቅ እንዴት ይለካል ላልሽው፣ የሚስተካከልበትን ፀጉር ቤት ታውቂው እንደሆነ ቆራጩን አስተባብሪው። ወንበር ላይ ቁጭ ያለ ሰው ጭንቅላቱን ቢለኩት ብዙም አይጠይቅም። አፍሮውን ጫን አድርጎ ይለካ፤ ሄልሜቱም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ልጁ በቅርቡ ሊቆረጠው ካሰበ ግን ከተቆረጠ በኋላ ቢለካ ይሻላል፤ ያለዚያ የገዛሽው ይሰፋዋል። የድሮ ሄልሜቱን ቁጥር ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ። እሱስ ልኩ እንደነበር በምን ታውቂያለሽ?

ሜትር የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የጭንቅላት ቅርጽ ነው። አንዳንዱ ሰው ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው፣ አንዳንዱ ክብ ነው። ሁለቱም 58 ሆነው ያው ሄልሜት ለአንዱ ልክ፣ ለሌላው የራስ ምታት ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ከሻጩ ጋር «ካልሆነው ይቀየርልኛል» ብለሽ ተስማሚና ደረሰኝ ያዢ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ። እንደኔ ከሆነ በዋዜማው ልጁን ይዞ ሱቅ መሄድ ይበልጣል። ሰርፕራይዙ ትንሽ ቢቀንስ ምን አለበት።

ሲሞክረው ማሰሪያውን ይሰር። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፤ ሲያወራ ጉንጩን ቢነክስ አትደንግጪ። ከዚያ ሄልሜቱን ይዘሽ ወደ ግራና ቀኝ አዙሪው። የግንባሩ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው። ቀጥሎ ከኋላ ጠርዙን ይዘሽ ወደ ላይና ወደ ፊት ሳቢው። ከወለቀ አትግዢው። በመጨረሻ ሩብ ሰዓት ያህል አድርጎት ይቀመጥ። ሲያወልቀው ግንባሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀልቶ ካመመው ቅርጹ የሱ አይደለም፤ ሌላ ሞዴል ይሞክር። ጠበቅ የሚለው ጉንጩ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ይለምዳል። የውስጡን ጠጣር ፎም ቆርጦ ማስፋት፣ ወይም ሰፊውን በስፖንጅ ጠቅጥቆ ማጥበብ ጨርሶ አይሞከርም። ግጭቱን የሚውጠው ያ ፎም ነው።

ስለዚህ ፎሙ መኖሩንም እዪ። ጨርቁን ገለጥ ስታደርጊ ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣው ዓይነት ጠጣር ፎም፣ ነጭም ጥቁርም ሊሆን ይችላል፣ ቅርፊቱን ሞልቶ ማግኘት አለብሽ። ስስ ስፖንጅ ብቻ ያለው ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለጭንቅላት አልተሠራም። ማሰሪያው ላይ የተሰፋ፣ ሄልሜቱ የደህንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ምልክትም ፈልጊ። በክብ ውስጥ «ኢ» የምትለው የላቲን ፊደል ከአገር ቁጥር ጋር ትኖራለች፤ አጠገቧ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። 06 አዲሱ ደረጃ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የላቲኗ «ፒ» ብቻዋን ካለች አገጩ ላይ ያለው ክፍልም ተፈትኗል ማለት ነው። ከላይ የተለጠፈ ስቲከር ብቻውን አያሳምነኝም፤ ማንም አሳትሞ ይለጥፈዋል።

ለገጠር መንገድ ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ውሰጂ። ያገለገለ አትግዢ፤ ወድቆ የነበረ ሄልሜት ላዩ ደህና መስሎ ፎሙ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ የውስጥ ጨርቁ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን፣ አለዚያ ክረምቱን ሙሉ ይሸታል። ጥቁር መስታወት ያምራል፣ ግን ሲመሽና ጉም ሲወርድ መንገዱን ይደብቃል። ነጩን ግዢለት፣ ብር ከተረፈሽም መለዋወጫ መስታወት ጨምሪበት። ሲቆሽሽ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ያጥበው። ቤንዚን ቅርፊቱንም ፎሙንም ይበላልና አያስነካው።