መልስ፦ «በሬው ሞተ» ወይስ «በሬው በከተ»?
ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ «በሬው ሞተ» ስትል አንድ አዛውንት «በከተ በል» ብለው ለምን እንዳረሙህ ጠይቀሃል። «ሞተ» ማለትህ ስሕተት አይደለም፤ «በከተ» ግን ከብቱ ሳይታረድ እንደሞተና ሥጋው እንደማይበላ ጭምር ስለሚናገር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በክት በማይበላበት በእኛ አገር ይበልጥ የተስተካከለ ቃል ነው። ለሰው ግን ፈጽሞ አትጠቀምበት፤ ከባድ ስድብ ይሆናል።

በደሴ የከብት ገበያም ቃል ዋጋ አለው፦ ያልተኮላሸው ኮርማ፣ ለእርሻ ገና ያልተገራው ወይፈን፣ ተኮላሽቶ የሰባው ሰንጋ ይባላል፤ በበግና በፍየል ደግሞ ሙክት። እነዚህ ቃላት ከከተማ ልጆች አፍ እየጠፉ መሄዳቸው በእውነት ያሳዝነኛል። በቅርቡ አንድ ሻጭ የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አሳየኝና «ይህ ጠቦት ነው፣ ሙክት ብዬ አልሸጥልህም» ብሎ ዋጋውን ራሱ ቀነሰልኝ።